ያልተሰበረው ሰይፍ

የፕሮፌሰር ሃልቮርሰን የቤት ረዳት ማንአልሞሽ ለፖሊስ የሰጠችው ቃል እንዲህ ይላል፦ «ከሥራ ስወጣ ፕሮፌሰሩ ፎቅ ላይ ባለው የንባብ ክፍላቸው ተቀምጠው ነበር። ሰይፉም ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ሻያቸውን አጠገባቸው አስቀምጬ፣ በሩን ከውጭ ቆልፌ ሄድኩ። ደኅና ነበሩ።»

የሟቹ የወንድም ልጅ ኤሪክ ሃልቮርሰን የሰጠው ቃል ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ከፍቼ ስገባ አጎቴ ከደረጃው ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። ወደ ላይ ሮጥኩ፤ ሰይፉ የለም። የቤቱ ቁልፍ ያለው እኔና ረዳቱ ዘንድ ብቻ ነው። እኔ አልወሰድኩትም።»

እሷ ከወጣችበት እሱ እስከገባበት ያለው ጊዜ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሁለቱንም በአንድ ምሽት የተቀበለችው መርማሪ እስከዳር ነበረች፤ በማግስቱ ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ ደጋግማ አነበበቻቸው። ሁለቱም እውነት ከሆኑ፣ ከተቆለፈ ቤት ምንም ሳይሰብር ገብቶ፣ ሽማግሌ ገድሎ፣ ሰይፍ ይዞ የተሰወረ ሦስተኛ ሰው አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጋኔን ካልሆነ በቀር አሻራ ይተዋል። የተገኘው አሻራ ግን የሟቹ፣ የኤሪክና የማንአልሞሽ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። ያስቸገራት ነገር፣ በሁለቱም ፊት ላይ ያየችው ሐዘን የእውነት መምሰሉ ነበር።

«የአገርሽ ሰው ናት» አላት ባልደረባዋ ኮሊንስ፣ የወረቀት ኩባያውን እያሽከረከረ። «ጉዳዩን ለሌላ ሰው እንስጠው?»

«ስጠው። ግን ብትዋሽ ከማንም በፊት የምነቃባት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ቶሎ ንቂባት» አላት።

*

የፕሮፌሰር ሃልቮርሰን ቤት ባላርድ በተባለው የሲያትል ሰፈር ውስጥ፣ የድሮ ኖርዌያውያን ዓሣ አጥማጆች ከሠሯቸው የእንጨት ቤቶች አንዱ ነው። የ2010 ኅዳር ከገባ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው፤ ዝናቡ ያባራል ሲሉት ይብስበታል። ቤቱ ውስጥ ወለሉ በየእርምጃው ይንቋቋል፤ ሰው ቆሞም እንኳ ሌላ ሰው ፎቅ ላይ የሚራመድ ይመስላል። ኮሊንስ ሁለቴ ቀና ብሎ ሲያይ እስከዳር ታዝባዋለች።

ሽማግሌው በዩኒቨርሲቲ የጥንት ፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ከደቡብ ፈረንሳይ ገዝቶ ያመጣው ሰይፍ ዕድሜ ልኩን ከራስጌው አልተለየም። የሸጠለት ሰው «ዱራንዳል ይህ ነው» ብሎታል፤ በድሮ ፈረሰኞች ታሪክ ውስጥ ዝናው የናኘ፣ በእጀታው የቅዱሳን አጥንት አለበት የሚባልለት ሰይፍ። ፕሮፌሰሩ አመነው አላመነው የሚያውቅ የለም። አሁን ግድግዳው ላይ የቀረው በመስቀል ቅርጽ የነጣ ቀለም ብቻ ነው። እስከዳር ፊቷን ብታዞርም ያ ነጭ መስቀል ከጀርባዋ የሚያያት መሰላት።

«አንገቱ ተሰብሯል» አለ ኮሊንስ። «ሐኪሙ ወድቆም ይሆናል፣ ተገፍቶም ይሆናል ይላል። ከሐኪም የሚገኝ እርዳታ ይኸው ነው።»

ሟቹ በካልሲ ነበር። የቤት ነጠላ ጫማው አንዱ እግር ከደረጃው መሃል ተገኝቷል። ሌላው ግን ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው አፋፍ ላይ ከሚከፈተው ከንባብ ክፍሉ በር ውጭ፣ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አዙሮ በሥርዓት ተቀምጧል።

«ሲወድቅ የወለቀ ጫማ እንዲህ አይቀመጥም» አለች።

«ገዳዩ ቤት ማስተካከል የሚወድ ሰው ይሆናላ። የቤት ሠራተኛ ዓይነት» አለ ኮሊንስ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

«ወይም የአጎቱን ቤት ለገበያ የሚያዘጋጅ ዓይነት» አለችው።

በጓሮ በኩል ሌላ ነገር አገኙ። የጓሮው በር መረገጫ ከጥቁር ድንጋይ የተጠረበ ነው። መሃሉ ላይ ትኩስ የብረት ምት በላይ በላዩ አርፎበት፣ ድንጋዩ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። እስከዳር በእጅ ባትሪዋ አካባቢውን አሰሰች። የድንጋይ ፍርካሽ ሞልቷል፤ አንዲት የብረት ስባሪ ግን የለችም።

*

ጎረቤቲቱ ሚስስ ሊንድ ውሻዋን አቅፋ በሯ ላይ ቆማ ነበር የጠበቀቻቸው።

«ሰሞኑን በየምሽቱ ድምፅ ነበር» አለች። «ከጓሮው። አንድ ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ እንደ ደወል ሲያቃጭል ይቆያል። ውሻዬ አልጋ ሥር ገባ። እኔ ደግሞ ሟች ባሌ መስሎኝ ነበር። ምስማር መምታት ይወድ ነበር፤ አንድም ቀን በትክክል አልመታም እንጂ።»

«በዚያ ምሽት ማንን አዩ?» አለች እስከዳር።

«መጀመሪያ ረዳቱ ወጣች። ጃንጥላ ይዛለች። ረጅም፣ በጨርቅ የተጠቀለለ። ዝናቡ እንደ ጉድ እየወረደ እሷ አልዘረጋችውም! እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ በሁለት እጇ አቅፋው ሄደች። ከዚያ የኤሪክ መኪና መጣ። ደወሉን ደጋግሞ ደወለ፤ አልተከፈተለትም። ተመልሶ መኪናው ውስጥ ቁጭ አለ። ብዙ ቆየ።»

መንገድ ላይ ኮሊንስ ሳቀ። «ሲያትል ውስጥ ጃንጥላ የሚይዝ ቱሪስት ብቻ ነው። ይዞ የማይዘረጋ ደግሞ አንድ ነገር ደብቋል።»

«አይደለም» አለች እስከዳር፣ እንዲህ ያለውን ነገር ለእሱ ማስረዳት የለመደች ናትና። «በማግስቱ የማርያም በዓል ነበር። ስእለት የሰመረለት ሰው ለቤተ ክርስቲያን ጥላ ያስገባል። ቄስ ሳይባርከው ምእመን አይዘረጋውም፤ ዶፍ ቢወርድም። ያንን ነው የያዘችው።»

ኮሊንስ ትከሻውን ነቀነቀ። «አንቺ ካልሽ።»

እሷም አለች፤ ነገሩም በዚያው አለፈ።

*

ኤሪክ መጀመሪያ መኪና ውስጥ መቀመጡን ሸሸገ። ስልኩ ሲመረመር ግን በዚያ ሰዓት ሁሉ ሲያወራ እንደነበር ታወቀ፤ ከአንድ የጥንት ዕቃ ገዢ ጋር።

«ስለ ሰይፉ ነበር?» አለችው እስከዳር።

«አዎ።» ፊቱ ቀላ። «አጎቴ አልሸጥም ብሎ ነበር። ቤቱ ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ሰውዬው ለብቻው መኖር እያቃተው! የትኛው የአረጋውያን መጦሪያ እንደሚቀበለው ንገሩኝ እስኪ፣ ያለ ገንዘብ። ተጣላን። በዚያ ቀን ልታረቀው ነበር የመጣሁት።»

«ታዲያ ቁልፍ እያለህ ለምን ደወልክ?»

«ራሱ እንዲከፍትልኝ ፈልጌ። ደወልኩ፤ ዝም አለኝ። ኩርፊያው አልወጣለትም ብዬ ተመለስኩ።» ቀና አለና «ስደውል በሕይወት ነበር?» አላት።

አላወቀችም። ኤሪክ ግን ጥያቄውን ሌላ ሰው እንዲመልስለት የፈለገ ሳይሆን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌት ተቀን የሚሰማው ይመስል ነበር።

*

ማንአልሞሽ የምትኖረው ከሲያትል አጠገብ ባለችው ሬንተን፣ ከልጇ ከሶሲ ጋር ነው። ሶሲ በሩን ከፍታ እስከዳርን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«በሚቀጥለው ወር የዜግነት ቀጠሮ አላት፤ ታውቂያለሽ አይደል?» አለች። «ክስ ከተመሠረተባት አለቀ። ዜግነቱም፣ የመኖሪያ ፈቃዷም፣ ሁሉም። ማሚ ሰው አልገደለችም። ዘ ኤንድ።»

«ሶሲ፣ እንግዳ በር ላይ አይወቀስም» አለች ማንአልሞሽ ከውስጥ። «ግቢ ልጄ።»

እስከዳር ተቀመጠች። «እትዬ ማንአልሞሽ፣ ስለ ሰይፉ ፕሮፌሰሩ ምን ይነግሩዎት ነበር?»

የሴትዮዋ ፊት ፈካ። «የማይነግሩኝ ምን ነበር! የአንድ ታላቅ ጀግና ነው። ከተራራ መሃል ከበቡት፤ ጓደኞቹ አለቁ። መሞቱን ሲያውቅ ሰይፉ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ብሎ ድንጋይ ላይ መታው፤ ድንጋዩ ተሰነጠቀ፣ ሰይፉ አልተሰበረም። በመጨረሻ ከሥሩ አድርጎ ተኛበት፤ በላዩም ሞተ። እጀታው ውስጥ የቅዱሳን አጥንት አለ፤ የእመቤታችንም የልብሷ ቁራጭ አለ። እሳቸው እንደ ተረት ነበር የሚያወሩት። እኔ ግን እንደ ገድል ነበር የምሰማው።»

«ድንጋይ ላይ» አለች እስከዳር ቀስ ብላ። በዓይነ ኅሊናዋ የጓሮው መረገጫ ታያት። «በዚያ ምሽት ከእዚያ የት ሄዱ?»

«ዋዜማ ነበር፤ በቀጥታ ማርያም። ካህናቱም ሕዝቡም አይተውኛል።»

«ሲወጡ ሰይፉ ግድግዳው ላይ ነበር ብለዋል። እስኪ በእመቤታችን ይማሉልኝ።»

ማንአልሞሽ እጇን አየች፣ መስኮቱን አየች።

«አልምልም።»

«ለምን?»

«ተይኝ፣ ልጄ። አልምልም አልኩሽ።»

ሶሲ በእንግሊዝኛ መጮህ ጀመረች። እስከዳር ግን አልሰማቻትም። በሐሰት ቃሏን የሰጠች ሴት በሐሰት ለመማል ግን አልደፈረችም። እንግዲያው ሰይፉ ግድግዳው ላይ አልነበረም።

*

ቤተ ክርስቲያኑ ድሮ የስብሰባ አዳራሽ የነበረ ቤት ነው። እስከዳር ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ስትገባ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ መምሬ ተክለሃይማኖት መጋረጃ ያጣጥፉ ነበር።

«በዋዜማው ማንአልሞሽ ነበረች?» አለቻቸው።

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ጥላም አስገብታለች፤ ስእለቷ ነው። ለጥምቀት ይዘረጋል ብዬ ከነጨርቁ አስቀመጥኩት።» ወገባቸውን ያዝ አደረጉ። «ግን የዘንድሮ ጥላ ብረቱ ምን ነክቶታል? ይከብዳል። የሚሸከመው ዲያቆን አስቀድሞ ንስሐ ቢገባ ይሻለዋል።»

እስከዳር ልትስቅ ስትል ስልኳ ከኮት ኪሷ ጮኸ። በቤተ መቅደስ ውስጥ እንዳይሰማ ደንግጣ ወደ በሩ ሮጠች። ስልኩን እየፈለገች፣ ወደ ውጭ እያየች፣ አንድ ነገር እግሯን ጠለፋት፤ በሩን ባትይዝ ኖሮ በደረጃው ቁልቁል ትሄድ ነበር።

«እመቤቴን! የራስሽ ጫማ ይጣልሽ?» አሉ መምሬ፣ ክንዷን ደግፈው።

እስከዳር ስልኩን አላነሳችም። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። አንዱ ጫማዋ በረገጠችው ተፈናጥሮ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ወድቋል። ሌላው በሩ ሥር፣ ራሷ እንዳስቀመጠችው፣ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል።

ደወል ተደወለ። ሽማግሌው ለመክፈት ቸኮለ። የራሱን ጫማ ረገጠ።

የገፋው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሌላው ነገር ተከትሎ መጣ፤ ይህኛው ደግሞ አሳፈራት። የስእለት ጥላ ትከሻ ላይ ጣል ተደርጎ ይሄዳል፤ ሴትየዋ ግን በሁለት እጇ አቅፋው ነበር። ሚስስ ሊንድ በትክክል ነግራታለች። ኮሊንስም፣ ስለ ስእለት አንዳች የማያውቀው ሰው፣ «አንድ ነገር ደብቋል» ብሎ ነበር። የደበቀችውን እንዳታይ ያደረጋት የገዛ እውቀቷ ነው።

«መምሬ» አለች፣ «ያንን ጥላ ያሳዩኝ።»

ጨርቁ ሲፈታ፣ ቀዩ ከፋይ ከነዘርፉ ሲገለጥ፣ በእጥፋቱ መሃል ከበትሩ ጎን ታስሮ ሰይፉ ወጣ። ስለቱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። መምሬ ተክለሃይማኖት አማተቡ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር በቀጭኑ የሚያቃጭል መሰላት።

*

ማንአልሞሽ ተጠርታ መጥታ ሰይፉን ስታይ አልደነገጠችም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ሰበሰበች።

«ያለበትን እርስዎ አልነገሩኝም፤ ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለቻት እስከዳር፣ ጎንበስ ብላ። «ለማንም አልናገርም ብለው ምለው ከሆነ፣ መሐላዎ አልፈረሰም።»

ሴትየዋ አለቀሰች። ከዚያ ተናገረች። ኤሪክ ሊሸጠው መሆኑን ሲያውቁ ሽማግሌው በየምሽቱ ጓሮ እየወጡ ሰይፉን ድንጋይ ላይ ይመቱት ነበር። ለሚንቀው ሰው ከሚደርስ ይሰበር ብለው። ድንጋዩ ተሰነጠቀ፤ ሰይፉ አልተሰበረም። በመጨረሻው ቀን ከግድግዳው አወረዱላት።

«‹የሚያከብረው ሰው አንቺን ብቻ ነው ያየሁት፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንሽ ውሰጂው። እኔ እስክሞት ለማንም አትንገሪ፤ ስሞትም አትንገሪ› አሉኝ። እጀታውን አስይዘው አስማሉኝ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ግን ማን ገፋቸው? እሱን ንገሪኝ።»

እስከዳር አመነታች። ይህን ነገር ሳትናገር ብታልፈው ደስታዋ ነበር። ያለዚህ ነገር ግን ሴትዮዋን ከግድያ የሚያነጻት ሌላ ማስረጃ የለም።

«እትዬ፣ ወደ ንባብ ክፍሉ ሲገቡ ጫማዎን ያወልቁ ነበር?»

«አዎ! የእመቤታችን ልብስ ካለበት ቤት እንዴት በጫማ እገባለሁ? መጀመሪያ ሳቁብኝ። ኋላ ‹አንቺ ካወለቅሽ እኔ ማን ነኝ› ብለው እሳቸውም...» አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ደወል ሰምተው ሲቸኩሉ ነው የተደናቀፉት። ማንም አልገፋቸውም።»

«ግን እኮ...» አለች ማንአልሞሽ፤ ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ግን እኮ ወደ ክፍሉ የተመለሱት ሰይፉን ካስረከቡኝ በኋላ ነው። ግድግዳው ባዶ ነው። ለምኑ አወለቁ?»

ሦስቱም አንድ ነገር ነበር የሚያዩት፦ አንድ ሽማግሌ ከደረጃው አፋፍ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ጫማውን በሥርዓት አስቀምጦ፣ የነጣ መስቀል ብቻ ወደቀረበት ግድግዳ በካልሲው ሲገባ።

*

ሞቱ ድንገተኛ አደጋ ተባለ። የሰይፉ ጉዳይ ግን አልተዘጋም። አቃቤ ሕጓ ለእስከዳር በስልክ እንዳለቻት፣ ከአቅመ ደካማ ሽማግሌ ቤት ውድ ዕቃ ደብቆ ማውጣት ቀላል ስርቆት አይደለም፤ «ሰጡኝ» የሚል ቃል ደግሞ ምስክር ይፈልጋል። ምስክሩ ሞቷል።

መውጫውን ያመጣው ኤሪክ ነው። ከጠበቃው ጋር ወደ ጣቢያው መጥቶ፣ ከማንአልሞሽና ከሶሲ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ፊቱ ከስቷል።

«እንድትታሰር አልፈልግም» አለ። «አጎቴን ከእኔ የተሻለ የያዘችው እሷ ናት። አንድ ነገር ብቻ ትናገር። በመጨረሻ አእምሮው ደክሞ ነበር፣ የሚያደርገውን አያውቅም ነበር ትበል። ሰይፍ ይዞ በጨለማ ድንጋይ የሚደበድብ ሰው ጤነኛ ነው? እንዲህ ካለች ስጦታው ስጦታ አይደለም፤ እሷም በቅን ልቦና ነው የወሰደችው። ሰይፉ ወደ እኔ ይመለሳል፣ ክስ የለም።»

እስከዳር በአማርኛ አስረዳቻት፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። እምቢ ካለች ምን እንደሚመጣባትም ነገረቻት። በልቧ ግን «እሺ በይ» ትላት ነበር።

«ማሚ፣ ፕሊስ» አለች ሶሲ፣ እጇን ይዛ። «አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። እሳቸው ሞተዋል፤ አይሰሙሽም።»

«አይሰሙኝም?» ማንአልሞሽ የልጇን እጅ ዳበስ አደረገች። «ሶሲዬ፣ እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእግራቸውን ኮቴ ከቤቴ ጣሪያ ላይ እየሰማሁ ነው የማድረው።»

ጠበቃው ሰዓቱን አየ።

«ልጄ፣ ያ ነገር ድምፅ ይቀዳል?» አለች ወደ ጠረጴዛው እያመለከተች።

«ይቀዳል፣ እትዬ።»

«ክፈቺው።»

እስከዳር መቅጃውን ከፈተች። ማንአልሞሽ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ለኤሪክም እንዲገባው፣ ቃል በቃል፣ በቀስታ፣ በእንግሊዝኛ ተናገረች።

«ስሜ ማንአልሞሽ ነው። ፕሮፌሰር ሃልቮርሰን አእምሯቸው ጤነኛ ነበር። የሰጡኝን አውቀው ነው የሰጡኝ። አልክዳቸውም፤ ክሰሱኝ።»